«ስዋራጅ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ቃል ለቃሚ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ቤቶች። አንድ ቃል ሦስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። እናንተ ካልገላገላችሁኝ ማበዴ ነው።

ለንባብ ክበባችን ስለ ሕንድ የነፃነት ትግል ወደ 20 ገጽ የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጥሩ እየሄደልኝ «ስዋራጅ» ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ስዋ» ራስ ነው፣ «ራጅ» አገዛዝ። ስለዚህ «ራስ ገዝ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ተነስቼ ሳነበው ሳቄ መጣ። የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ነው የመሰለው። ወደ «ነፃነት» ቀየርኩት። ይሄን ደግሞ ጋንዲ ራሱ አይቀበለውም። በ1931 «ያንግ ኢንዲያ» በሚባለው ጋዜጣው ላይ፣ ስዋራጅ የተቀደሰ የቬዳ (የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት) ቃል ነው፣ ራስን ማስተዳደርና ራስን መግታት ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ ነፃነት ሲባል እንደሚታሰበው ከልጓም ሁሉ መፈታት አይደለም ብሎ ጽፏል። (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው፤ ከአሁኑ ልናገር፣ በኋላ በሱ እንዳንጣላ።)

ጋንዲ ስለዚሁ ቃል የጻፈው መጽሐፍ የተጻፈበትን ሁኔታ ላላወቀ ላጫውት። 1909 ነው። ጋንዲ ከደቡብ አፍሪካ ለንደን ሄዶ እዚያ ትራንስቫል በሚባለው ግዛት ለሚኖሩ ሕንዶች አቤት ሲል ከርሞ ባዶ እጁን ተመለሰ። ለንደን ያገኛቸው የሕንድ ወጣቶች ግን የሚያወሩት ስለ አቤቱታ አልነበረም። ስለ ቦምብና ሽጉጥ ነበር። እሱ ከመድረሱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ማዳን ላል ዲንግራ የተባለ ተማሪ ከርዞን ዋይሊ የተባለውን ባለሥልጣን ተኩሶ ገድሏል። ጋንዲ ሲመለስ «ኪልዶናን ካስል» የሚባል መርከብ ላይ ተቀመጠና በመርከቡ ወረቀት ላይ መጻፍ ጀመረ። አሥር ቀን። በጉጃራቲ። ቀኝ እጁ ሲዝል በግራው ቀጠለ። ወደ 40 ገጽ የሚሆነው የግራ እጅ ጽሑፍ ነው። ስሙም «ሂንድ ስዋራጅ» ተባለ።

ጭውውት ነው። አንድ የቸኮለ «አንባቢ» አለ፣ አንድ የረጋ «አዘጋጅ» አለ። አንባቢው «እንግሊዞቹ ይውጡ፤ ጦራቸው፣ ፓርላማቸው፣ ግርማቸው ግን ለኛ ይሁን» ይላል። አዘጋጁ ይመልሳል፦ እንግዲያው የፈለግከው የነብሩን ጠባይ ነው፣ ነብሩን ብቻ ነው ያልፈለግከው። ያኔ አገሩ ሂንዱስታን መባሉ ቀርቶ እንግሊዝስታን ይባላል፤ እኔ የምፈልገው ስዋራጅ ይሄ አይደለም።

ይሄን የሚሸከም የአማርኛ ቃል አምጡልኝ።

ቡና ጠጡ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:31

ነፃነት በለውና እለፍ። ማን ያነበዋል 😂

ቃል ለቃሚ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:34

አንተ ካላነበብከው ሌላ ሰው ያነበዋል።

ሰንበቴ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ወንድሜ፣ ቃሉማ እቤትህ ነው ያለው። ገላትያ 5ን ግለጥ። የመንፈስ ፍሬ ተብለው ከተዘረዘሩት የመጨረሻው ምንድን ነው? «ራስን መግዛት»። ምሳሌ 16 ላይ ደግሞ «በመንፈሱም ላይ የሚገዛ ከተማ ከሚወስድ ይበልጣል» ይላል። ይኸው ጋንዲ! ገዢ ማለትም ከዚሁ ግስ ነው፣ ራሱን የሚገዛ ማለትም ከዚሁ። እንግሊዝኛው ሁለት ቃል የሚያስፈልገውን አማርኛ በአንድ ግስ ይጨርሰዋል። ምን ያስጨንቅሃል?

ቃል ለቃሚ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ኧረ በጣም ቆንጆ ነው። ግን «ራስን መግዛት» ስል የሚመጣብኝ ጾም ነው። አገር አይመጣብኝም። «ሕንድ ራሷን መግዛት ጠየቀች» ብዬ ብጽፍ አንባቢ ቁጣዋን ልትቀንስ ነው የሚመስለው።

የድሮው መምህር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ልጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አያነብም፣ ይሄን ክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በጃንሆይ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ የኔ ዘመን ሰው ሁሉ አንድ የሕንድ መምህር ትዝታ አለው። የኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። ክፍሉ ሲንጫጫ አይጮሁም። ጠመኔውን ያስቀምጡና ዝም ይላሉ። እኛም እያፈርን ዝም እንል ነበር። አንድ ቀን «እኔ የናንተ ፖሊስ አይደለሁም፤ ፖሊሱ እዚህ ነው» ብለው ደረታቸውን ነኩ። ስዋራጅ የሚለውን ቃል ከሳቸው ነው የሰማሁት።

ወደ ቁም ነገሩ። ቃሉ ከጋንዲ በብዙ ይበልጣል፣ በዕድሜ ማለቴ ነው። ኡፓኒሻድ በሚባሉት የሂንዱ ጥንታዊ ቅዱሳት ጽሑፎች ውስጥ አለ። ቻንዶግያ የሚባለው፣ እውነተኛ ማንነቱን ያየና በርሱ ደስ የሚሰኝ ሰው «ስዋራት» ይሆናል ይላል፤ ራሱ የራሱ ንጉሥ እንደማለት ነው። ከዚህ ውጭ የሚያውቁ ግን ሌላ የሚገዛቸው ናቸው ይላል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ እንግሊዝ የለም፣ ባንዲራ የለም። ጉዳዩ የነፍስ ነው። ታይቲሪያ የሚባለውም «ስዋራጅያን ያገኛል፣ የአእምሮን ጌታ ያገኛል» ይላል።

ቃሉ መሬት የወረደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የማራታው ሺቫጂ ከሙጋሎችና ከደቡቡ ሱልጣኖች ተነጥሎ የራሱን መንግሥት ሲያቆም ከስዋራጅያ ጋር ስሙ ተያያዘ። ከዚያ በ1906 ካልካታ ላይ፣ አረጋዊው ዳዳባይ ናውሮጂ ኮንግረስ የሚባለውን የሕንድ ፓርቲ ጉባኤ ሲመሩ የጥያቄያችን ስም ስዋራጅ ነው አሉ። ሰውየው ቀደም ብለው የእንግሊዝ ፓርላማ አባል የነበሩ፣ ሕንድ ለምን እንደደኸየች በቁጥር ያሰሉ ናቸው። ቲላክ የሚባሉት የትግሉ መሪ ደግሞ በርማ ውስጥ ማንዳላይ እስር ቤት ስድስት ዓመት ከርመው ወጥተው በ1916 «ስዋራጅ የትውልድ መብቴ ነው፣ አገኘዋለሁም» አሉ። ይሄኔ ቃሉ የሰልፍ መፈክር ሆነ።

ጋንዲ ያደረገው ምንድን ነው? መፈክሩን ይዞ ወደ ኡፓኒሻዱ ተመለሰ። አዲስ አልፈጠረም። ሁለቱን ጫፎች አሰረ።

አንድ ሌላ ነገር ላክል። ካውቲልያ የሚባለውን፣ አርታሻስትራ የተባለው የጥንት የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ ጸሐፊ፣ ሁሉም በተንኮሉ ነው የሚያውቀው፤ ስለላ፣ መርዝ፣ ሴራ። መጽሐፉ ግን ገና መጀመሪያ አካባቢ ንጉሡን ስሜትህን ግዛ ይለዋል። ፍትወትን፣ ቁጣን፣ ስስትን፣ ትዕቢትን ጨምሮ ስድስት የውስጥ ጠላቶች አሉህ። እነዚህን ያላሸነፈ ንጉሥ ምድርን እስከ አራቱ ማዕዘን ቢገዛ ይጠፋል ይላል። ይሄን ያዙልኝ፤ ነገ እመለስበታለሁ። አሁን መድኃኒቴን ወስጄ ልተኛ።

ሰንበቴ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:52

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን 🙏

የፑኔው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

እኔ ማስተርሴን ሕንድ አገር ፑኔ ነው የሠራሁት። ሁለት ነገር ላካፍል።

አንደኛ፣ አንድ የበዓል ሳምንት አሕመዳባድ ወርጄ የሳባርማቲን አሽራም (ጋንዲና ተከታዮቹ በጋራ የኖሩበትን ግቢ) አየሁ። ጋንዲ የኖረበት ቤት ሕሪዳይ ኩንጅ ይባላል። ክፍሉ ምን አለው መሰላችሁ? ነጭ ፍራሽ፣ መደገፊያ ትራስ፣ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ፣ መፍተያ። በቃ። በ1930 መጋቢት ላይ 78 ሰው አስከትሎ ወደ ዳንዲ የተነሳው ከዚያ ግቢ ነው። 385 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር፣ የእንግሊዝን የጨው ሕግ ጥሶ እፍኝ ጨው ለማንሳት!

በረንዳው ላይ አንዲት ሴትዮ በቻርካ (ያው መፍተያው ነው) ይፈትላሉ። ሞክር አሉኝ። ቀላል መስሎኝ ቁጭ አልኩ። በቀኝ እጅ መንኮራኩሯን ታዞራለህ፣ በግራ ጥጡን ትስባለህ። ሳብ ሳደርገው ተበጠሰ። ቀጠሉልኝ። ተበጠሰ። ስድስት ሰባት ጊዜ። ላብ አጠመቀኝ። ሴትዮዋ ሳቁና በምልክት ትከሻዬን ነኩኝ፤ ልቀቀው ማለታቸው ነው። ለካ ትከሻዬን ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬው ነበር። ትከሻዬን ሳወርደው ክሩ መጣ። እጄ ሲቸኩል ክሩ ይቀጥናል፣ ሐሳቤ ሲሄድ ይወፍራል። ያኔ ነው ሰውየው ለምን ይሄን ያህል ሙጭጭ እንዳለበት ትንሽ የገባኝ። ከእንግሊዝ ማንቸስተር የሚመጣውን ጨርቅ ስለመተው ብቻ አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ሂንድ ስዋራጅ ውስጥ ባቡርን፣ ጠበቃንና ሐኪምን ክፉኛ ይሰድባል። ሐኪም ባይኖር ሰው ሆዳምነቱን በራሱ ይገታ ነበር ዓይነት ነገር ነው የሚለው። ታዲያ በ1924 ጥር ላይ ፑኔ የርዋዳ እስር ቤት እያለ ትርፍ አንጀቱ ታመመና ሳሶን ሆስፒታል ወሰዱት። ኮሎኔል ማዶክ የሚባል እንግሊዛዊ ቀደደው። መሀል ላይ መብራት ጠፋ! በፋኖስ ጨረሱት። ተሰፍቶ ዳነ። እኔ በዚያ ሆስፒታል በር ባለፍኩ ቁጥር ይሄ ነገር ያስቀኛል። ባቡሩንም እንደሆነ ሕንድ ከተመለሰ ወዲህ በሦስተኛ ማዕረግ ሲሄድበት ኖሯል።

ቡና ጠጡ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:26

የፋኖሱን ሳነብ ሻዬን ተፋሁት 😂😂 ሐኪም አያስፈልግም ያለውን ሰው እንግሊዝ ሐኪም አዳነው

እንዝርት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:45

የፑኔው፣ ትከሻህን ያልከው እውነት ነው። እናቴ በእንዝርት ነው የምትፈትለው። ባዘቶውን በግራ እጇ ትይዝና እንዝርቷን ጭኗ ላይ ሽው አድርጋ ትለቃታለች። ልጅ ሆኜ ስሞክር «አትነቂው፤ ራሱ ይምጣ» ትለኝ ነበር።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ወንዶችዬ። ሁላችሁም «ራስን መግዛት» ቆንጆ ነው እያላችሁ ነው። ቤታችሁ ውስጥ «ራስሽን ግዢ» የምትባለው ማን ናት? አባቴ ሲቆጣ ማንም «ራስህን ግዛ» ሲለው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ስናገር ግን ወዲያው ነው። ይሄ ቃል በአማርኛ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ለልጅ፣ ለሠራተኛ፣ ለሴት። ሕንድ ውስጥስ?

ጠያቂው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:10

እህቴ፣ ጣትሽን ቁስሉ ላይ አሳረፍሽው። እኔም ከጥንት ጀምሮ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ማሃድ የምትባል ከተማ አለች፣ ከቦምቤይ በታች። እዚያ ቻቭዳር የሚባል የውሃ ኩሬ አለ። ከብት ይጠጣበታል፣ ውሻ ይጠጣበታል። በልደታቸው ርኩስ ተቆጥረው «የማይነኩ» የተባሉት ሰዎች አይጠጡበትም። ማዘጋጃ ቤቱ በ1924 ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ወስኗል፤ ግን ማን ደፍሮ? መጋቢት 20 ቀን 1927 ከነዚሁ ሰዎች የተወለደው የሕግ ሰው ዶክተር አምቤድካር በሺዎች የሚቆጠር ሰው አስከትሎ ሄደና በእጁ ዘግኖ ጠጣ። ሌላው ሁሉ ተከትሎ ጠጣ። በዚያው ቀን ተደበደቡ። ከዚያ የላይኞቹ ካስቶች (የልደት መደቦች) ኩሬው ረከሰ ብለው የላም እበትና ሽንት፣ ወተት፣ እርጎና ቅቤ የገባበት 108 እንስራ አፍስሰው «አነጹት»።

እስቲ እዚህ ቦታ ላይ ቆማችሁ ስዋራጅን ተርጉሙልኝ። ውሃ የተከለከለውን ሰው «መጀመሪያ ራስህን ግዛ» ትሉታላችሁ? እሱማ ሁለት ሺህ ዓመት ራሱን ገዝቷል! ሲገፉት ዝም፣ ሲሰድቡት ዝም። ራስን መግዛት ያልተማረው ማን ነው? እንስራውን የደፋው ነው።

አምቤድካር ጋንዲን አጥብቆ የጠየቀው ይሄን ነበር። እንግሊዝ ሲወጣ ሥልጣኑ የሚመጣው ለማን ነው? ራስ ማለት የማን ራስ ነው?

ሰንበቴ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:30

ጠያቂው፣ ይሄ ፍትሐዊ አይደለም። ጋንዲ ራስን መግዛትን ከገዛ ወገኑ ነው የጠየቀው። ቻውሪ ቻውራን አስታውስ። የካቲት 1922 ነው። አገሩ በሙሉ ተነስቷል፣ እንግሊዝ ጨንቆታል፣ ጋንዲ በአንድ ዓመት ስዋራጅ አመጣላችኋለሁ ብሏል። አንዲት የገጠር ከተማ ውስጥ ፖሊስ ሰልፈኛ ላይ ተኮሰ። ሰዉ ተቆጥቶ ፖሊስ ጣቢያውን አቃጠለና 22 ፖሊሶች ሞቱ። ጋንዲ የመላ አገሩን ንቅናቄ አቆመው! አምስት ቀን ጾመ። እስር ቤት የነበሩት የትግል ጓዶቹ፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ኔህሩ ጭምር፣ በንዴት ጦፉ። የትኛው መሪ ነው ሊያሸንፍ ሲል የራሱን ሰው ጥፋት አይቶ የሚያቆም?

ጠያቂው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:41

ቀጥለህ ጨርሰዋ! ከዚያ ምን ሆነ? ፍርድ ቤቱ 172 ሰው ላይ ሞት ፈረደ። ይግባኙ ቀንሶት 19 ተሰቀሉ። የገጠር ገበሬዎች ናቸው። የመሪው ራስን መግዛት በታሪክ ተጻፈለት። የነሱስ?

እንዝርት — ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:44

😔

ቡና ጠጡ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 5:58

ከባድ ሆነብኝ። ርዕስ ልቀይርና፣ ለመሆኑ ጋንዲ ስለኛ ያለው ነገር አለ? ጣልያን ሲወረን ማለቴ ነው።

የፑኔው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 6:07

አለ፣ ግን ባትሰማው ይሻልሃል። በ1935 «ሃሪጃን» ጋዜጣው ላይ፣ ኢትዮጵያ በሰላማዊ መንገድ የምታምን ብትሆን ኖሮ መሣሪያ አይኖራትም፣ አትፈልግምም፣ ለመንግሥታት ማኅበርም አቤት አትልም ነበር ዓይነት ነገር ጽፏል። ለወራሪው አንገዛም ብለው እጅ ሳይሰጡ፣ ሳይመቱም።

ቡና ጠጡ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 6:09

ምን?! የመርዝ ጋዝ ከላይ እየዘነበ? አባቶቻችን ዓድዋ ላይ በጾምና በፍተላ ነው ያሸነፉት? ይሄ ሰውዬ ከዛሬ ጀምሮ ለኔ አበቃለት።

ዘራፍ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 6:15

ጎበዝ!! ንገርልኝ!! 🇪🇹🇪🇹

የፑኔው — ሰኞ፣ ከምሽቱ 6:21

ረጋ በሉ እንጂ። ያው ሕንድ በ1936 በኔህሩ ጥሪ «የአቢሲኒያ ቀን» ብሎ ለኛ ሰልፍ ወጥቷል። ራሳቸው ቅኝ ተገዝተው!

(ከዚህ በታች የነበሩ 11 መልሶች በአወያዩ ተነስተዋል።)

አወያይ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:30

እንደምን አደራችሁ። የዓድዋን ክርክር ለብቻው ክር ክፈቱለት። እዚህ የተጠየቀው አንድ ቃል ነው። ደግሞ ራስን ስለመግዛት በሚወያይ ክር ላይ እናት መሳደብ እንዴት ነው ነገሩ?

ስንኝ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ያመለጠኝ ክር! የሕንዱን ባለቅኔ ታጎርን ሳታነሱ እንዴት ታድራላችሁ።

በ1921 ሐምሌ ቦምቤይ ውስጥ የውጭ አገር ጨርቅ ተከምሮ ተቃጠለ። ጋንዲ ነው ያስጀመረው። በመስከረም ካልካታ ሄዶ ታጎርን ቤቱ ድረስ ለመነው፤ ከኛ ጋር ሁን፣ ቻርካ ያዝ። ታጎር እንቢ አለ። በክፋት አይደለም፤ ጋንዲን ያከብራል፣ የእንግሊዝ ጦር አምሪትሳር ላይ ሕንዶችን ከጨፈጨፈ በኋላ የእንግሊዝን የማዕረግ ስም የመለሰ ሰው ነው። ግን አለ፦ እርቃኑን የሚሄድ ሕዝብ ባለበት አገር ልብስ ታቃጥላላችሁ? ደግሞስ ሁሉም ሰው ፈትል ስለተባለ ብቻ የሚፈትል ከሆነ ስዋራጁ የታለ? የእንግሊዝን ትእዛዝ በሌላ ትእዛዝ ነው የቀየራችሁት።

ለኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። ራሱን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ለምን ብሎ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የሚታዘዝ ሰውን ጨዋ ልንለው እንችላለን፤ ራሱን የገዛ ግን አይደለም።

የጋንዲ መልስም እንዲሁ የዋዛ አልነበረም። ለተራበ ሕዝብ እግዚአብሔር ሊታይ የሚችለው በሥራና በሥራው በሚገኝ ምግብ መልክ ብቻ ነው አለ። ባለቅኔውም እንደ ሌላው ሰው ይፍተል አለ። ሁለቱን ሳነብ ጠዋት ታጎርን ነኝ፣ ማታ ጋንዲን።

እንዝርት — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:20

ከታጎር ጋር ነኝ። እናቴ ፈታይ ናት ግን ማንም «ፍተዪ» ቢላት እንዝርቷን ትወረውርበታለች 😅

የድሮው መምህር — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:50

ልጆቼ፣ ያደርኩት ሳስብ ነው። በተለይ እንዝርት የምትባለዋ ልጄ የጠየቀችው ጥያቄ። እኔም አባት ነኝ፤ «ራስሽን ግዢ» ብያለሁ። አሁን ልዋሽ አልችልም።

ማታ ካውቲልያን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ «ራስህን ግዛ» የሚባለው ማን ነው? በትሩን የያዘው። ንጉሡ! ለባሪያው አይደለም የተጻፈው። ጊታ በሚባለው የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥም ቢሆን አምላኩ ክሪሽና፣ ኤሊ እጅ እግሯን እንደምትሰበስብ ስሜቱን ስለሚሰበስብ ሰው የሚነግረው ለአርጁና ነው፤ ቀስት ለያዘ ጦረኛ። እነዚያን ስንኞች በጋንዲ አሽራም በየምሽቱ ጸሎት ይደግሟቸው ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ሐሳብ መጀመሪያ ከላይ ላለው የተነገረ ነው። ጋንዲ ደግሞ ለሁሉም አደረገው፤ ገበሬውም ንጉሥ ነው፣ ስለዚህ እንደ ንጉሥ ይገታ አለ። ትልቅ ሐሳብ ነው። ጉዳቱም እዚያው ነው ያለው። በትር ያልያዘውን ሰው በትርህን አስቀምጥ ብትለው ምን ያስቀምጣል?

አምቤድካር ይሄን አይቶታል። ኅዳር 25 ቀን 1949፣ ሕገ መንግሥቱ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው ተነስቶ፣ በመጪው ጥር 26 ተቃርኖ ወዳለበት ኑሮ እንገባለን አለ። በፖለቲካው እኩልነት ይኖረናል፣ በማኅበራዊውና በኢኮኖሚው ግን እኩል አንሆንም። አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው፤ ሰውየው ግን ገና እኩል ሰው አልሆነም ማለቱ ነው። ለኔ ይሄ ከስዋራጅ መጽሐፎች ሁሉ ያላነሰ የስዋራጅ ንግግር ነው፣ ቃሉን ባይጠራውም።

ጠያቂው — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:15

ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ሲያስቀምጡት እስማማለሁ። ማታ ትንሽ ግሎብኝ ነበር፤ ሰንበቴም ይቅር በለኝ።

ሰንበቴ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:22

ምንም አይደል ወንድሜ። 19ኙን አላውቅም ነበር።

ቃል ለቃሚ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:00

ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን በተግባር ምን ቀረ? ጋንዲ የሚለው ስዋራጅ ከመንደር የሚነሳ አልነበር?

የፑኔው — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:48

ነበር። በ1945 ጥቅምት ለኔህሩ ደብዳቤ ጽፎ፣ በ1909 በጻፍኩት ነገር እስካሁን እጸናለሁ፣ ሰው በመንደር መኖር አለበት አለው። ኔህሩ መልሶ፣ መንደር በእውቀትም በባህልም ወደኋላ የቀረ ነው፣ ከዚያ ተነስቶ ለውጥ አይመጣም አለው። አምቤድካርማ በ1948 በሕገ መንግሥት ጉባኤው ላይ መንደርን የድንቁርናና የጠባብነት ጉድጓድ አድርጎ ነው የገለጸው። ኩሬውን ያየ ሰው ምን ይበል! በመጨረሻ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አንቀጽ 40 ሆኖ ገባ፤ መንግሥት የመንደር ምክር ቤቶችን ያደራጅ የሚል፣ ፍርድ ቤት የማያስገድደው ምክር።

ጥርስ ያወጣው በ1992 በ73ኛው ማሻሻያ ነው። በየአምስት ዓመቱ ምርጫ ግዴታ ሆነ። ከወንበሩ ሲሶው ለሴቶች፣ ለዳሊቶችም («የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት) በቁጥራቸው ልክ ተያዘ። ብዙ ክልሎች በኋላ የሴቶቹን ግማሽ አደረሱት። ዛሬ በሕንድ መንደር ምክር ቤት የሚቀመጡ ሴቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ግን አንድ ቃል ላስተምራችሁ፦ «ሳርፓንች ፓቲ»። ሳርፓንች የመንደሩ ምክር ቤት ሰብሳቢ ነው። ፓቲ ባል ነው። ሴትየዋ ትመረጣለች፣ ባልየው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ትፈርማለች። በጣም ከመለመዱ የተነሳ ስም ወጣለት።

እንዝርት — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:55

እስቲ ማን ነበር ራሱን መግዛት ያለበት?

ስንኝ — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:10

ፓቲ! 😂

የፑኔው — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:16

ለፍትሕ ያህል፣ ሁሉም እንደዚያ አይደለም። አብራኝ የተማረች ልጅ አክስት ሰብሳቢ ነበሩ። በመጀመሪያው ዙር ባላቸው ነው የሚያወራው። በሁለተኛው ዙር «አንተ ሻይ አፍላ» አሉት አለችኝ።

ቃል ለቃሚ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:30

እሺ ቤቶች፣ ወስኛለሁ።

ፍለጋ ላይ አንድ ነገር አገኘሁና ሸክሜ ቀለለ። ሂንድ ስዋራጅ ጉጃራቲው በ1910 ቦምቤይ ላይ ሲታገድ ጋንዲ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ሽፋኑ ላይ ምን ብሎ ጻፈ? «የሕንድ የአገር ውስጥ አስተዳደር» እንደማለት ያለ፣ የፓርላማ ሰዎች የሚያውቁትን የፖለቲካ ቃል። ውስጡ ግን በብዙ ቦታ «ስዋራጅ»ን እንዳለ ተወው። የገዛ ቃሉን መተርጎም ያልቻለ ሰው ነው! እኔ ማን ነኝ?

ስለዚህ ውስጡ «ስዋራጅ» ይቀራል። መጀመሪያ ሲመጣ «ራስን መግዛት» ብዬ አስከትላለሁ፣ ሰንበቴ ባለው መሠረት። አማርኛው እንደ ሳንስክሪቱ ሁለቱንም በአንድ ግስ ስለሚይዝ ያሳሳኛል። ቀጥሎ ግን እንዝርት የጠየቀችውን ጥያቄ አስገባለሁ፦ ይሄ ቃል የሚነገረው ለማን ነው? የማሃድን ኩሬ ከመርከቡ ታሪክ ቀጥሎ አደርገዋለሁ። ካውቲልያንም። 20 ገጹ 26 ሆኗል፤ የክበባችን ሰብሳቢ ራሳቸውን ይግዙ።

የድሮው መምህር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:05

ግሩም ነው ልጄ። አንዲት ነገር ብቻ። ነሐሴ 15 ቀን 1947 ዴልሂ በርችት ስትበራ ጋንዲ የት እንደነበረ ጻፍበት። ካልካታ ነበር፣ ሂንዱና ሙስሊም በተጋደሉበት ሰፈር ውስጥ። ቀኑን ጾመ፣ ፈተለ።

የፑኔው — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ፍተላ ካነሳችሁ አይቀር፣ ያቺን ሳባርማቲ የፈተልኳትን ክር አሁን መጽሐፍ ውስጥ አገኘኋት። አንድ ስንዝር ትሆናለች። ፎቶዋን ለጥፌያለሁ። እንዝርት፣ ለእማማ አሳዪልኝ።

እንዝርት — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:47

አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ቆይታ ካየች በኋላ «ይሄ ክር አይደለም፣ ጅራፍ ነው» አለች።